ገመዱን ያልያዘ እጅ

አንድ ናኹዳ ነበር፤ በዚያ ጠረፍ የመርከብ አዛዥን የሚጠሩት ናኹዳ ብለው ነው። ስሙ ሱሩር ይባላል። መርከቡ ባለ አንድ ሸራ ናት፤ ሞተር የላትም። ነፋስ ሲስማማት ትሄዳለች፣ ሲከፋባት በአንድ ደሴት ጥግ መልሕቋን ጥላ ትቀመጣለች። ለየብስ ሰው የባሕር ጉዞ ሲባል የሚታየው መሄዱ ነው። አብዛኛው ግን መቀመጥ ነው። የባሕር ሰው ከዕድሜው ብዙውን የሚጨርሰው አየር እስኪለወጥ ሲጠብቅ ነው፤ መርከበኞችም የሚተዋወቁት፣ የሚጣሉትም፣ አንዱ ሌላውን የሚጎዳውም ሲሄዱ ሳይሆን ሲጠብቁ ነው።

በዚህች መርከብ ላይ ከአያት የወረደ አንድ ሥርዓት ነበር። መልሕቅ በሚነሣበት ጠዋት፣ ከናኹዳው ጀምሮ እስከ ምግብ አብሳዩ ድረስ ሁሉም በገመዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እጃቸውን ያሳርፉበታል። የሁሉም እጅ ካረፈ ገመዱ ይጎተታል። አንድ ሰው እንኳ እጁን ካላሳረፈ መርከቧ በዚያ ቀን ንቅንቅ አትልም። እጁን የሰበሰበውን ሰው ደግሞ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ናኹዳውም ቢሆን አይጠይቅም።

ሥርዓቱ የመጣው እንዲህ ነው። በጥንት ጊዜ ከዚያው ወደብ የወጣች መርከብ ሰጥማ፣ ከተሳፈሩት ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። ጣውላ ታቅፎ ዳር ሲደርስ፣ «ጠዋት ስንነሣ ሰማዩ ደስ አላለኝም ነበር። ፈሪ እንዳይሉኝ ብዬ ዝም አልኩ» አለ። የወደቡ ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው ተቀምጠው መከሩ። ሰው ፍርሃቱን በአፉ መናገር እንደሚያሳፍረው ገባቸው። ስለዚህ አፉን ሳይከፍት የሚናገርበትን መንገድ አበጁለት። እጁን መሰብሰብ ብቻ በቂ እንዲሆን፣ ማንም እንዳይጠይቀው ደነገጉ። ብልህ ሰዎች ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ዘንግተዋል፤ እሱን ወደፊት እንደርስበታለን።

የመርከቧ መሪ ያዥ ጁሃር የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነበር። ከዕድሜው የተነሣ ሁሉም አያ ጁሃር ይሉታል። ምግብ አብሳዩ ሷሊህ ነው። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ፤ ብዙ ባሕር አብረው አሳልፈዋል፤ የሷሊህ ልጅ ሩቅያ ተወልዳ ስም ሲወጣላት አያ ጁሃር እዚያው ቤት ነበር።

በአንድ ወቅት መርከቧ ወደ ሰሜን ርቃ ሄዳ ሳለ፣ በአንድ ወደብ ላይ ለሷሊህ የቃል መልእክት ደረሰው። ሩቅያን ከውቅያኖሱ ማዶ ያለ አንድ ጥሩ ሰው አጭቷታል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በገዛ መርከባቸው መጥተዋል፤ ሰርጉም ተደግሷል። «አባቷ ደርሶ ሳይመርቃት አንወስዳትም፤ ግን የነፋሱ ወቅት እንዳያልፍብን ቶሎ ይምጣ» ብለዋል። ሷሊህ ይህን ሲሰማ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ። ልጁ አንዴ ማዶ ከተሻገረች በኋላ መቼ እንደሚያያት አያውቅም። ሊመርቃት፣ ሊስማት፣ መርከብ ላይ በገዛ እጁ ሊያወጣት ፈለገ። ከዚህ የበለጠ አልጠየቀም።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ የደቡብ ነፋስ ፊት ለፊታቸው ተነሣና አላሳልፍ አላቸው። ሰው በማይኖርበት ደሴት ጥግ ተጠለሉ። የሌሎች ናኹዳዎች መርከቦችም እየመጡ አጠገባቸው መልሕቅ ጣሉ። ቀኖቹ ተጎተቱ። ሷሊህ ሐሳቡ ሁሉ ቤት ስለነበር የሚያበስለው አንዴ ያርራል፣ አንዴ ጥሬውን ይወጣል።

«ሷሊህ!» አለ ሁመድ፣ የሰሐኑን ሩዝ ወደ ብርሃን አዙሮ እያየ። ሁመድ ድምፁ ያማረ፣ ምላሱም የሰላ መርከበኛ ነበር። «የሙሽራው ወገኖች ይህን ሩዝ ከቀመሱ ልጅቷን ይመልሱልሃል።»

«አንተ ብላና ዝም በል።»

«እበላለሁ። የሰርግ ቤት ምግብ እስክንደርስ ድረስ ነፍሴን ማቆየት አለብኝ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሷሊህም ሳቀ። አያ ጁሃር ትከሻውን ነካ አድርጎ «ትደርሳለህ» አለው።

ከዚያ አንድ ጠዋት የደቡቡ ነፋስ ሞተ። ፀሐይ ስትወጣ ከሰሜን ለስለስ ያለ፣ የሁሉም መርከበኛ ልብ የሚመኘው ነፋስ ተነሣ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ናኹዳ ሱሩር «በሉ!» ብሎ ተጣራ። እጆች ሁሉ ገመዱ ላይ አረፉ። የአያ ጁሃር እጅ ግን አላረፈም።

አያ ጁሃር ያየው ይህን ነበር። ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ ከሥሩ ያለው ባሕር ግን ከደቡብ ይመጣል፤ ሰፋፊ፣ ዝግ ያለ ሞገድ። ሩቅ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ወጀብ ተነሥቶ ይሆናል፤ ሞገዱን ቀድሞ ልኮ ራሱ ይከተላል ብሎ ፈራ። ሌሎቹ ግን ሞገዱን የትናንቱ ነፋስ ርዝራዥ ነው ብለው አሰቡ። ሁለቱም ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ባሕር ላይ አንድ ምልክት ሁለት ፍቺ ሊኖረው ይችላል።

ማንም አልጠየቀውም። ገመዱን ለቀው ተበታተኑ። ሷሊህ ወደ ምድጃው ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው።

ሌሎቹ መርከቦች ሸራቸውን ዘርግተው ወጡ። ሲያልፉም «እዚያ ቤት ልትሠሩ ነው እንዴ?» እያሉ ጮኹባቸው።

በማግስቱም ሰማዩ እንደጠራ ነበር። ሞገዱም እንዳለ ነው። አያ ጁሃር እጁን ሰበሰበ። በሦስተኛው ጠዋት እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ የዘነጉት ነገር የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ሥርዓቱ መጠየቅን ይከለክላል። መዝፈንን አይከለክልም። መርከበኞች ገመድ ሲይዙ መዝፈን ልማዳቸው ነው፤ አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሁመድ ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ባማረ ድምፁ አወጣ፦

ባሕሩ ተኝቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤
ለአንድ ሰው ብቻ ነጎድጓድ መጥቷል።

መጀመሪያ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም ተቀበሉ። ናኹዳ ሱሩር ሊቆጣ አሰበ፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣ? ማን ጠየቀ? እሱም ፈገግ አለ። አያ ጁሃር የመርከቧን ወለል ብቻ አየ። ሷሊህ አልዘፈነም፤ አልከለከለምም።

ከቀናት በኋላ ሞገዱ ተኛና አያ ጁሃር እጁን አሳረፈ። የቤት መንገዳቸው እንደ ኩሬ ውኃ የረጋ ነበር። ወጀብ ቀርቶ ሸራ የሚያንኳኳ ነፋስ እንኳ አላገኛቸውም። ወደብ ሲገቡ፣ ቀድመዋቸው የወጡት መርከቦች ጭነታቸውን አራግፈው፣ ሰዎቻቸው ገላቸውን ታጥበው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሙሽራው ቤተሰብ መርከብ ከቦታዋ የለችም።

የሷሊህ ሚስት ሰዓዳ ዳር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ትናንት ጠዋት ሄዱ» አለችው።

«አልጠበቁኝም?»

«ጠበቁህ እንጂ! ስንት ጥሩ ነፋስ አሳለፉልህ። በመጨረሻ የባሏ አባት መጥቶ፣ ‹እህቴ፣ ከዚህ በላይ ብቆይ ወቅቱ ያመልጠኝና ሁላችንንም ባሕር ላይ አስቀራለሁ› አለኝ። ምን ልበለው?»

«እሷስ?»

«በሙሽራ ልብሷ እዚህ ውኃው ውስጥ ቆማ ወደ ሰሜን ስታይ ነበር። ሸራ ብቅ ባለ ቁጥር ‹የአባቴ ነው› ትላለች። የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ደግሞ ሌላ ብቅ ሲል ‹ይኸኛው ነው› ትላለች። እጇን ይዘው ነው መርከብ ላይ ያወጧት።»

ሷሊህ ብቅ ያሉትን ሸራዎች ሁሉ ያውቃቸዋል። ደሴቲቱ ጥግ አጠገቡ የነበሩት ናቸው።

በዚያ ሰዓት አያ ጁሃር ወደ እነሱ መጣ። ምን ሊል እንደመጣ አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። ሷሊህ ግን አፉን እንዲከፍት ጊዜ አልሰጠውም። ሥርዓቱ የከለከለውን ነገር፣ በተራ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀው።

«አያ ጁሃር፣ ያ ያየኸው ወጀብ መጣ ወይ?»

«አልመጣም» አለ አያ ጁሃር።



እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ሰሚው ወጀቡ እንዲመጣ ይመኛል። ቀድመው የወጡት ሰጥመው፣ የቆዩት ተርፈው፣ ሁሉም በአያ ጁሃር እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ እንዲሉት ይፈልጋል። አልሆነም። አያ ጁሃር ተሳስቶ ነበር። ስሕተቱም የአንድን አባት መሰናበቻ በልቷል። ይህ እውነት ነው፤ ሷሊህም መቆጣቱ ያስፈርድበታል የሚል ካለ ሴት ልጁን ድሮ ሸኝቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የሁመድ ዘፈን ከመርከቧ ወርዶ ወደብ ለወደብ ተዳረሰ። መረብ የሚጠግኑት ዘፈኑት፤ ጉድጓድ ላይ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ዘፈኑት። አያ ጁሃር በመንገድ ሲያልፍ አንዳንዱ በትኅትና ዝም ይላል፤ ያ ደግሞ ከዘፈኑ ይብሳል።

ከዚያ ወዲህ የአያ ጁሃር እጅ ከገመዱ ተለይቶ አያውቅም። ናኹዳው «በሉ!» ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳርፈው እሱ ሆነ። መርከበኞቹ «አያ ጁሃር ተስተካከለ» አሉ። ናኹዳ ሱሩርም ጉዞው ስለፈጠነለት ደስ አለው። ከመካከላቸው ማንም ያላስተዋለው ነገር ነበር። አያ ጁሃር ድሮ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚያየው የሰዎቹን ፊት ነው።

ዓመቱ ዞረ። ናኹዳ ሱሩር ሩቅያ ወደምትኖርበት አገር የሚሄድ ጭነት አገኘ። ከማዶ የመጡ መርከበኞችም ለሷሊህ የምሥራች አመጡለት፤ ሩቅያ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ «አባቴ መጥቶ ይየው» ብላለች። ሷሊህ ለሕፃኑ ትንሽ ነጭ ቆብ ገዝቶ፣ ከምድጃው ጭስ ርቆ እንዲቀመጥ አምስቴ ቦታ ለወጠለት።

ወደ ማዶ የሚወስደው ነፋስ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ የሚነፍስ ነው። ሲያበቃ ይገለበጣል፤ ያልተሻገረ መርከብ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓመቱን ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። የመጀመሪያው የመንገዱ ክፍል የጠረፉን ዳር ዳር ይዞ ይሄድና ወደ ባሕር የሾለ አንድ ድንጋያማ ርእሰ ምድር ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ውቅያኖስ ነው፤ መጠለያ የለም።

እዚያ ርእሰ ምድር ጥግ ላይ አየሩ ከፋባቸው። ሰማዩና ባሕሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከረሙ። ዝናብ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ምንጣፉ ረጠበ፤ ዱቄቱ ሻገተ። መርከበኞቹ ጨዋታቸው አለቀና አንዱን የሌላው ሳል እንኳ ያናድደው ጀመር። ወቅቱ ሊያልፍ እንደተቃረበ ሁሉም ያውቃል። ናኹዳው «በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልወጣን እንመለሳለን» ሲል፣ ሷሊህ ድስቱን ማማሰሉን ሳያቋርጥ ሰማ።

ከዚያም አንድ ጠዋት ደመናው ተገፈፈ። ጥሩው ነፋስ መጣ። ሰዎቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ዘለሉ። ናኹዳው «በሉ!» ከማለቱ በፊት ገመዱ ላይ ተሰልፈው ነበር። አያ ጁሃርም አለ። ሷሊህ የቆመው ከጀርባው ነው። ሁመድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያን የታወቀ ዘፈኑን ለቀልድ ያህል ዝግ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረ።

ሷሊህ በዚያ ጠዋት መርከቧ ላይ ካሉት ሁሉ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነበር። ዓይኑ ግን የአያ ጁሃር እጅ ላይ አረፈ። ያ እጅ ገመዱን ይጨብጣል፤ ላላ ያደርጋል፤ ደግሞ ይጨብጣል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ዘወር ያደርግና ሰው ያየው እንደሆነ ብሎ ቶሎ ይመልሳል። ሷሊህ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ። እሱ ሰማይ ማንበብ አያውቅም። ጠርዙ ላይ እንደ ጭስ የመሰለ ቀጭን ነገር አየ፤ ምን እንደሆነ አላወቀም።

ቀጥሎ ሌሎቹን አየ። ናኹዳ ሱሩርም ሁለቴ ወደዚያው አቅጣጫ ዓይኑን ጣል አድርጎ መልሷል። ሁሉም አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ነው። ማንም መጀመሪያ የሚያነሣው መሆን አልፈለገም።

ሷሊህ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው፤ የገባውም ነገር አላስደሰተውም። አያ ጁሃርን ገመዱ ላይ ያሰረው የሁመድ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ዘፈን ይሳቅበትና ያልፋል። ያሰረው ራሱ ሷሊህ በባሕር ዳር የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሷሊህ አሁን ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም። ዛሬ ከተነሡ ልጁን ያያል። ዛሬ ቀርተው ነፋሱ ከተገለበጠ ደግሞ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ የልጅ ልጁ ሳያየው ይራመዳል። ነጩ ቆብም አይበቃውም።

ናኹዳው «በሉ!» አለ።

ሷሊህ እጁን ከገመዱ አነሣ።

ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ሷሊህ!» አለ ሁመድ። «አንተ? ልጅህ እኮ ናት ማዶ ያለችው! ያበድክ ሰውዬ፣ ለምን...»

«ሁመድ!» አለ ናኹዳው። «አይጠየቅም።»

«ተወው፤ እኔው እናገራለሁ» አለ ሷሊህ። «እኔ ሰማይ አላውቅም። የማውቀው ድስት ነው፤ እሱንም አሳርራለሁ። ግን ከፊቴ የቆመው ሰው እጁን ማንሣት ፈልጎ እያቃተው ነው። ያቃተው በእኔ ነው። ስለዚህ እኔ አነሣሁለት።»

አያ ጁሃር አልዞረም። ጥቂት ቆይቶ ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታና እጁን ወደ ጎኑ አወረደ። ከዚያ ከገመዱ ወጥቶ የመርከቧ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ናኹዳ ሱሩር ጥምጥሙን አስተካከለ፤ መስተካከል ሳያስፈልገው። «እውነቱን ለመናገር፣ ያ የምሥራቁ ነገር ለእኔም ደስ አላለኝም ነበር» አለ።

«ታዲያ ናኹዳ፣ አንተ ከፈራህ ለምን ‹በሉ› አልክ?» አለ ሁመድ።

«ዘፈንህን ፈርቼ ነዋ።»

«እኔ እኮ የዘፈንኩት ለቀልድ ነው!»

«ቀልድ ባይሆንማ ማን ይፈራው ነበር?» አለ ናኹዳው። «ብትሰድበኝ እመልስልሃለሁ። ለቀልድ ምን መልስ አለው?»

ሁመድ ገመዱን ለቀቀ።

ቀኑን ተቀምጠው ዋሉ። ምሥራቁ ከሰዓት በኋላ ጠቆረ፤ ከዚያ ነጣ። ውቅያኖሱ መሐል ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ ያን ቀን ከዚያ ያለፈ ሌላ መርከብ የለም፤ የሚመሰክር አልተገኘም። ናኹዳ ሱሩር ትልቅ ወጀብ እንደነበረ ይምላል። ሁመድ እስከ ዕለተ ሞቱ «ምንም አልነበረም፤ ጭጋግ ነው» ሲል ኖረ። አያ ጁሃርን ሲጠይቁት «እኔ እንጃ» ይላል። ሷሊህ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይጥመውም።

በማግስቱ ነፋሱ ደከም ብሎ ነበር፤ ግን አልተገለበጠም። ሁሉም እጃቸውን አሳረፉና ወጡ። ነፋሱ እየተንፏቀቀ፣ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ እየተኛ፣ ካሰቡት ብዙ ዘግይተው ማዶ ደረሱ።

ሩቅያ ልጇን ታቅፋ ዳር ላይ ቆማ ነበር። ሷሊህ ውኃው ውስጥ ዘልሎ ልብሱን እያራሰ ሮጠ። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሕፃኑ በመካከላቸው ተጨንቆ ጮኸ።

«ዛሬም ዘገየህ፣ አባ» አለችው፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ከእናንተ ቀድመው የተሻገሩት መርከቦች እኮ ከገቡ ቆዩ። ነፋሱ ነው ያስቀራችሁ?»

ሷሊህ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። አያ ጁሃር ከመርከቧ ወርዶ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደደረሰ ቆሟል፤ ወደፊት መምጣት አልደፈረም።

«የለም ልጄ» አለ ሷሊህ። «ሰው ስንጠብቅ ነው።»

ሩቅያ አባቷ ወዳየበት አየችና ሄደች። አያ ጁሃር አንገቱን ደፋ።

«ያኔ አባትሽን ያስቀረሁብሽ...»

«አውቃለሁ» አለችው። «ዘፈኑ ከእናንተ ቀድሞ ነው የደረሰው። እዚህም ይዘፈናል።»

ሽማግሌው የሚገባበት ጠፋው። ሩቅያም ውኃው ውስጥ ገብታ አጠገቡ ቆመች።

«አያ ጁሃር፣ በዚያ ጠዋት እኔ በአገራችን ዳር ሆኜ አባቴን ስጠብቅ፣ እርስዎ ደግሞ እንዳይሰጥምብኝ ሲፈሩ ነበር። ሁለታችንም የፈራነው ለአንድ ሰው ነው። ተቀይሜዎት ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ግን ይግቡ፣ ምሳው ቀርቧል። አባቴ አላበሰለውም፤ አይሥጉ።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀረው ትምህርቱ ነው።

በጊዜው ያስጠነቀቀንንና ልክ የሆነውን ሰው መውደድ አይከብድም። እሱን ማንም ያመሰግነዋል፤ የዳነ ሰው ለማመስገን አይቸገርም። የሰው ልብ የሚለካው ፈርቶ የተሳሳተውን፣ በስሕተቱም ያስከፈለንን ሰው በያዘበት አያያዝ ነው። ሁልጊዜ ልክ የሚሆን አስጠንቃቂ አልተፈጠረም። የተሳሳተውን የምንስቅበት ከሆነ ሌላ ጊዜ አይሳሳትም፤ ምክንያቱም ሌላ ጊዜ አይናገርም። ያን ጊዜ ሰላም የሆንን ይመስለናል። ሁሉም እጅ ገመዱ ላይ ነው፤ ሁሉም ይስማማል፤ ጉዞውም ይፈጥናል። ብዙ ቤት፣ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም የሚበልጡ ብዙ ነገሮች የሰጠሙት እንዲህ ባለው ስምምነት መሐል ነው፤ የሚያዩ ሰዎች ሞልተውባቸው እያለ።

ይህን ሰንሰለት ሊበጥስ የሚችለውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በስሕተቱ በእውነት የተጎዳው። ሌላው ቢያዝን ወሬ ነው። ሷሊህ ይቅር ያለው በቃል አልነበረም። የሚወደውን ነገር አደጋ ላይ ጥሎ፣ ዳግመኛ ለመሳሳት የሚሆን ቦታ ለወዳጁ ሰጠው።

አሁን ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለሌላ ከማሳለፋችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። ከእናንተ ጋር ከሚኖሩት መካከል፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ስለሳቃችሁበት ዛሬ እያየ ዝም የሚለው ሰው ማን ነው?